ሰዓቱን የሚያውቅ ሆድ፦ የፈረንሳዮችን አመጋገብ ከቁርስ እስከ እራት እንዴት መልመድ ይቻላል?

ሊዮን ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ ዳቦ በፎርማጆ ስበላ የቤቱ ባለቤት ደረሱብኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ደንገጥ ብለው «አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። ደህና ነኝ፣ ትንሽ ርቦኝ ነው አልኳቸው። የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ፤ «እራት እኮ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው» ብለው የማቀዝቀዣውን በር በቀስታ ዘጉት። በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዚያ ሰዓት፣ ያውም ቆሞ፣ የሚበላበት ምክንያት ነው ያልታያቸው።

በዚያ ቤት አራት ዓመት ኖርኩ። ሴትዮዋ ቅቤ ይበላሉ፣ ፎርማጆ ከማዕዳቸው አይጠፋም፣ እሑድ እሑድ ኬክ ያስመጣሉ። ካሎሪ ሲቆጥሩ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ፈረንሳዮችን ከሌላው የሚለያቸው የሚበሉት ነገር ነው ብዬ ገምቼ ነበር፤ ዛሬ የማምነው ትልቁን ሥራ የሚሠራው የማይበሉበት ሰዓት መሆኑን ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ እምነት ስለሆነ ከምግብ ዝርዝር ሳይሆን ከሰዓት ይጀምራል።

የምጠቅሳቸው የቀን ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቶቹ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የምታጠቡ፣ ከዚህ ቀደም ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረባችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። የምግብ ሰዓት ሲለወጥ የመድኃኒት ሰዓትና መጠንም ሊለወጥ ይችላልና።

ሌሎቻችሁ አንድ ደብተር ያዙና ለሦስት ቀናት ወደ አፋችሁ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቡ። ምንም አትቀንሱ፣ ምንም አታሻሽሉ። ወጥ ስትቀምሱ የጎረሳችሁትን፣ ልጁ ያስተረፈውን ፓስታ፣ ቢሮ ውስጥ የዞረውን ብስኩት፣ ስኳር ያለበትን ሻይ ሁሉ ጻፉ። እኔ ይህን ያደረግሁ ቀን ዘጠኝ ጊዜ መብላቴን አየሁ። ከዘጠኙ ውስጥ ምግብ ብዬ የማስታውሰው ሦስቱን ብቻ ነበር።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ቁረጡ

የፈረንሳይ ቀን በሦስት ምግብ የተከፈለ ነው። ቁርስ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ምሳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። የምሳው ሰዓት እንደ ሕግ የሚከበር ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም በ2010 ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከፈረንሳዮች ግማሹ በአንድ ጊዜ ማዕድ ላይ እንደሚገኙ አሳይቷል። በትንንሽ ከተሞች ሱቆች በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፤ ከ8 ሰዓት በኋላም የብዙ ምግብ ቤቶች ማዕድ ቤት እሳቱን ያጠፋል። አንድ ጊዜ ገጠር ወርጄ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እየራበኝ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጁ በትሕትና ያቀረበልኝ ቡና ብቻ ነበር።

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ «ጉቴ» የሚባል አራተኛ ምግብ አላቸው። እኛ መክሰስ የምንለው ነው። ፈረንሳዮች «አራት ሰዓት» የሚል ቅጽል ስምም ያወጡለታል፤ በእነርሱ ሰዓት አራት፣ በእኛ አሥር መሆኑ ነው። አብዛኛው አዋቂ ግን መክሰሱን በልጅነት ትቶት ይወጣል።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ለሥራችሁና ለቤታችሁ የሚስማሙ ሦስት ሰዓቶች ምረጡ። የፈረንሳዮቹ መሆን የለባቸውም፤ መሠረቱ በየቀኑ አለመለዋወጣቸው ነው። በመካከል የሚፈቀደው ውኃ፣ ስኳር የሌለው ሻይና ስኳር የሌለው ቡና ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የምታደርጉት ይህንኑ ነው። የምግቡን ዓይነት አትንኩ፣ እንጀራውንም ዳቦውንም እንደለመዳችሁት ብሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ለመለወጥ የሚሞክር ሰው በአምስተኛው ቀን ሁለቱንም ሲተው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለእኛ ትልቁ ፈተና የቡና ቁርስ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻውና ቆሎው ቀርቦ፣ በስኒው ውስጥ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ሲገባ «እኔ በመካከል አልበላም» ማለት ከጎረቤት ያጣላል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፈረንሳዮች ነው፤ ቡና የምሳ መዝጊያ ነው። ከጣፋጩ በኋላ በትንሽ ስኒ ይመጣል፣ በእርሱም ገበታው ያበቃል። ቡናችሁን ከምሳ ጋር ማያያዝ የምትችሉ እንዲህ አድርጉ። የማትችሉ ደግሞ የቡናውን ሰዓት በግልጽ መክሰስ በሉትና ከእራታችሁ ላይ ቀንሱለት። ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም ቆሎውን እየቆረጠሙ «አልበላሁም» ማለት፣ ደብተሩ ላይ ሲጻፍ ያስቃል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን 11 ሰዓት አካባቢ ሆዳችሁ ይጮኻል። ጤነኛ ሰው እራቱ ቀርቦ ቢርበው ምንም አይሆንም፤ ረሃቡ መጥቶ ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። እጅ የሚያንቀጠቅጥ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ግን ብሉ፤ በማግስቱም ምሳችሁን ከፍ አድርጉት።

ስለ ቁርስ አንድ ነገር ልናገር። የፈረንሳይ ቁርስ ዳቦ በቅቤና በማርማላታ፣ በትልቅ ሳህን ቡና በወተት ነው። ክሯሳን በብዙ ቤት የቅዳሜና የእሑድ ምግብ ነው። በእኔ ግምት ከምግቦቻቸው ሁሉ ደካማው ይኸው ጣፋጭ ቁርስ ስለሆነ አትቅዱት። የገንፎ፣ የእንቁላል ወይም የፉል ቁርስ የለመደ ሰው ልማዱን ይያዝ።

ደረጃ 2፦ ተቀመጡ

የፈረንሳይ የሥራ ሕግ አሠሪ ሠራተኞቹን በሥራ ቦታቸው ላይ ምግብ እንዲበሉ መፍቀድ የለበትም ይላል። በ2021 በኮሮና ምክንያት ለጊዜው ላላ እንጂ ደንቡ የቆየ ነው። በጠረጴዛ ላይ፣ ኮምፒውተር ፊት፣ ሳንድዊች በአንድ እጅ መያዝ በብዙ አገር የትጋት ምልክት ሆኗል። እዚያ ግን ዛሬም ያሳዝናል፤ እየተለወጠ ቢሆንም።

በ2003 የታተመ የፈረንሳይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በፓሪስና በፊላደልፊያ ማክዶናልድስ የሚበሉ ሰዎችን በሰዓት ለክቶ ነበር። አሜሪካውያኑ 14 ደቂቃ ገደማ ቆዩ፤ ፈረንሳዮቹ 22። ሃምበርገሩ ያው ነው፣ ድንቹም ያው ነው። የተለየው አበላሉ ነው።

የምታደርጉት ይህ ነው። ለምሳና ለእራት ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መድቡ። ስልካችሁን ከክፍሉ አውጡት፤ ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ብቻችሁን ብትሆኑም ሳህን፣ ሹካና ውኃ አቅርቡ፤ ከድስቱ አትብሉ። ሴትዮዋ ብቻቸውን ሲበሉ እንኳን የጨርቅ ናፕኪን ያነጥፉ ነበር። ዳቦው ደግሞ ሳህን ላይ አይቀመጥም፣ ከሹካው አጠገብ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ታዲያ የት ይቀመጥ?» አሉኝ።

ለእኛ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይቀላል። እጅ መታጠብ፣ መሶብ ከብቦ መቀመጥ፣ ታላቅ ሳይጀምር አለመጀመር ከፈረንሳይ የምንማረው ነገር አይደለም። ባዕድ አገር ስንሄድና ኑሮ ሲያሯሩጠን የጣልነው ነው።

ደረጃ 3፦ ተራውን ጠብቁ

በ2010 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው «የፈረንሳዮች የግብዣ ማዕድ» አንድ ምግብ አይደለም። መዝገቡ ላይ የገባው ሥርዓቱ ነው፦ መጀመሪያ መክፈቻ፣ ከዚያ ዋናው ምግብ ከአትክልት ጋር፣ ከዚያ ፎርማጆ፣ በመጨረሻ ጣፋጭ። በአዘቦት ቀን ቤቶች ይህን ያሳጥሩታል። ከአትክልት የተሠራ መክፈቻ፣ አንድ ምግብ፣ እርጎ ወይም ፍራፍሬ ይሆናል።

ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ወርቁ ያለው መክፈቻው ላይ ነው። ከሁሉ በላይ በሚርባችሁ ሰዓት መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ የተፈቀፈቀ ካሮት ነው፤ ስለዚህ ካሮቱ ይበላል። ያው ካሮት ከሥጋው አጠገብ ቢቀርብ ኖሮ ሳይነካ ይመለስ ነበር። የልጆችንም የአትክልት ጥላቻ በከፊል የሚፈታው ይኸው ተራ ነው።

እስቲ እንሥራው። ለአራት ሰው አራት መካከለኛ ካሮት ላጡና በመፈቅፈቂያው በደቃቁ በኩል ፈቅፍቁ። በሳህን ታች አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ አድርጉና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አሟሙት። ጨው በዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ ከአቼቶው ጋር መቅደም አለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሩበትና ምቱት። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀስ እያላችሁ፣ በሹካ እየመታችሁ አፍስሱ። አንድ አቼቶ፣ ሦስት ዘይት፦ ይህ የቪኔግሬት፣ የሰላጣ ማባያው፣ ሒሳብ በፈረንሳይ ቤት ሁሉ ያው ነው። ፈሳሹ ወፈር ብሎ ሲደበዝዝ ደርሷል። ካሮቱን ጨምራችሁ አደባልቁ፣ ፓርስሊ ካላችሁ ከትፉበት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ጠርሙስ ሙሉ የተዘጋጀ የሰላጣ ማባያ ገዝታችሁ ከነበረ ከዚህ በኋላ አትገዙም።

ካሮት ሲሰለች የተቀቀለ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም፣ ዱባ፣ የተቀቀለ ባሮ ሽንኩርት በዚያው ማባያ ይበላል። ጎመንም እንደዚያው በቀጭኑ ተከትፎ ይሆናል። በብዙ ቤት አረንጓዴ ሰላጣ ከዋናው ምግብ በኋላ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያ ቀን ግራ ገብቶኝ ሥጋው ሳይመጣ ሰላጣውን ጠበቅሁ፣ ሥጋው አልቆ ሳህኔ ሲነሣ ሰላጣው መጣ።

ደረጃ 4፦ ልክ

ያ የ2003 ጥናት የምግብ ቤት ሳህኖችንም መዝኗል። በፓሪስ አንድ ሰው የሚቀርብለት በአማካይ 277 ግራም፣ በፊላደልፊያ 346 ግራም ነበር። ፈረንሳዊ ጨዋ ስለሆነ አይደለም የሚተወው፤ መጀመሪያውኑ የቀረበለት ያነሰ ነው። በፈረንሳይ ሱቅ አንድ የእርጎ ዕቃ 125 ግራም ነው። ያንን ጨርሶ ሁለተኛ የሚከፍት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ዕቃው ሲያልቅ ጣፋጩ አለቀ።

ስለዚህ ፈቃዳችሁን ከመፈተን ይልቅ ዕቃችሁን አሳንሱ። ትልልቆቹን ሳህኖች ወደ መደርደሪያው ላይኛው ክፍል አውጧቸውና ትንንሾቹን በእጅ አጠገብ አድርጉ። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አታምጡ፤ ማዕድ ቤት አውጥታችሁ ክደኑትና ተቀመጡ። ፎርማጆ የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ 30 ግራም ገደማ ይበቃል።

ፎርማጆን በተመለከተ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። ፎርማጆው የተደረደረበት ሰሌዳ ይዞራል፣ ሁሉም ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት ትንሽ ይቆርጣል፣ ሰሌዳው ግን ሁለተኛ ጊዜ አይዞርም። ሁለተኛ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዋናው ምግብ አልበቃኝም ብሎ ባለቤቷን እንደ መውቀስ ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ብሪ የሚባለውን ፎርማጆ ጫፍ፣ «አፍንጫውን» ይሉታል፣ ቆርጣችሁ አትውሰዱ። የሚጣፍጠው እዚያ ስለሆነ እያንዳንዱ ከጫፍ እስከ ቅርፊቱ ቀጭን አድርጎ ይቆርጣል። እኔ በመጀመሪያው ግብዣዬ አፍንጫውን ቆርጬ ሳህኔ ላይ ሳደርግ ጠረጴዛው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ።

የእኛ አበላል እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር አለበት፣ መደበቅም አያስፈልግም። በአንድ ትሪ ስንበላ የበላነው መጠን አይታይም። እንጀራው ባለቀ ቁጥር ይጨመራል፣ ጉርሻ ይመጣል፣ ተመልሶም ይሰጣል። ትሪውን ተዉ አልልም። እንጀራውን ከመቅረቡ በፊት በሰው ልክ ቆርጣችሁ ጠቅልሉና የድርሻችሁን ፊታችሁ አድርጉ፤ ወጡን ከጋራው ትሪ ብሉ። ጥቅሉ ሲያልቅ እናንተም አብቅታችኋል። ጉርሻን በተመለከተ መፍትሔ የለኝም፤ የሰጡትን መቀበል ነው።

ደረጃ 5፦ ዳቦና መጠጥ

አንድ ባጌት፣ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ፣ 250 ግራም ገደማ ይመዝናል። በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት «የፈረንሳይ ባህላዊ ዳቦ» ተብሎ የሚሸጠው በዱቄት፣ በውኃ፣ በጨውና በእርሾ እንጂ በመቆያ ኬሚካል አይሠራም፣ ሊጡም በረዶ እንዲሆን አይደረግም። በማግስቱ የሚደርቀው ለዚህ ነው፤ በየቀኑ የሚገዛውም ለዚህ ነው። የባጌት አሠራር ባህልም በ2022 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ዳቦው በምሳና በእራት ቅቤ አይቀባም። ሥራው ከሳህኑ ታች የቀረውን መረቅ መጥረግ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ በቂ ነው። በገበታው ላይ እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ካለ ዳቦውን ጨርሶ አታቅርቡ።

በገበታ ላይ የሚጠጣው ውኃ ነው። በፈረንሳይ ምግብ ቤት በጠርሙስ የሚቀርብ የቧንቧ ውኃ በነጻ ነው፣ «ካራፍ ዶ» ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት በ2012 ለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጣለ፤ ከ2017 ጀምሮም ብርጭቆን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደጋግሞ በለስላሳ መሙላትን ከለከለ። በቤታችሁ ከለስላሳው ጋር የምታደርጉት ነገር አጭር ነው፦ አታስገቡት። እንግዳ ሲመጣ ይገዛል።

ወይንስ? በ1991 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ፈረንሳዊውን ተመራማሪ ሰርዥ ረኖን አቅርቦ፣ ፈረንሳዮች ቅባት እየበሉ በልብ ሕመም ብዙ የማይሞቱት ቀይ ወይን ስለሚጠጡ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ አሰማ። «የፈረንሳይ ተቃርኖ» የሚለው አባባል በዓለም ዞረ፣ ወይን ሻጮችም ተደሰቱ። ዛሬ የፈረንሳይ የጤና ባለሥልጣናት ራሳቸው የሚሉት ሌላ ነው፦ በሳምንት ከ10 ብርጭቆ፣ በቀን ከ2 አይለፍ፣ ጨርሶ የማይጠጣባቸውም ቀናት ይኑሩ። ይህም የጉዳት ጣሪያ እንጂ የሚመከር መጠን አይደለም። ወይን የማትጠጡ ሰዎች ለጤና ብላችሁ አትጀምሩ። አገሪቱ እስከ 1956 ድረስ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ ወይን ታቀርብ እንደነበር ስታውቁ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ምክሯን በጥንቃቄ ትሰማላችሁ።

ደረጃ 6፦ ከግብዣ ማግስት

ፈረንሳዮች ስለ ክብደት ሲያወሩ ደጋግመው የሚሉት «ፌር አታንሲዮን» ነው፤ «እጠነቀቃለሁ» እንደ ማለት። እሑድ ምሳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መክፈቻው፣ የበጉ እግር፣ ፎርማጆው፣ ታርቱ። ማታ ግን ሴትዮዋ ድስቷን አውጥተው ሾርባ ይጥዳሉ፣ ከሾርባው በኋላ አንድ እርጎ፣ በቃ። ሰኞ ጠዋት ራሳቸውን አይቀጡም፣ ምግብ አይዘሉም፣ ስለ እሑዱም አይጸጸቱም። የተረፈው ሒሳብ በዚያው ምሽት ተዘግቷል።

ሾርባው ይህ ነው። ሦስት ባሮ ሽንኩርት በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ቅጠሉን እየገለጣችሁ በሚፈስ ውኃ እጠቡት። አሸዋው በቅጠሎቹ መካከል ይደበቃል፣ ይህን የዘለለ ሰው ሾርባው ጥርሱ ላይ ይንኮሻኮሻል። በስሱ ቆራርጡና በአንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ሳይቀላ እስኪሟሽሽ አብስሉት። ሁለት ድንችና አንድ ካሮት ቆራርጣችሁ ጨምሩ፣ አንድ ሊትር ውኃና ጨው አድርጉ፣ ከድናችሁ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አንፈቅፍቁት። በሹካ ፍጩት ወይም በመፍጫ አድቅቁት። አራት ሰው ይበላዋል፣ ለማግስትም ይተርፋል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው ትርፉ በዚያው ቀን ሲካካስ ነው። «ከሰኞ እጀምራለሁ» ያለ ሰው ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜን እንደ ፈለገ ይበላል።

ጾመኞች ለሆናችሁ ሰዓቱን አዛውሩት። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የመጀመሪያው ምግብ 9 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን፣ በመካከል ምንም አይግባ። የምግቡ ተራም ያው ነው፦ መጀመሪያ ሰላጣው ወይም ጎመኑ፣ ቀጥሎ ሽሮው ወይም ምስሩ። ጾም ፈረንሳይ ውስጥም ታሪክ አለው። «መግር» የሚለው ቃላቸው ቀጭን ማለትም ሥጋ የሌለበት ማለትም ነው፤ ካቶሊኮቹ ዓርብ ከሥጋ ይከለከሉ ነበርና፣ የብዙ ትምህርት ቤቶች ምሳ እስካሁን ዓርብ ዓርብ ዓሣ ነው።

ልጆች ካሉ

ለልጅ የተለየ ምግብ አትሥሩ። የትምህርት ቤት ምሳ እንኳን አራት ወይም አምስት ክፍል አለው፦ መክፈቻ፣ ዋና ምግብ፣ አትክልት ወይም እህል፣ የወተት ውጤት፣ ጣፋጭ። ከ2005 ጀምሮ በትምህርት ቤቶች የመክሰስና የመጠጥ መሸጫ ማሽኖች ታግደዋል። በ2011 የወጣው ደንብ ደግሞ ማዮኔዝና ኬቻፕን ልጆች እንደ ልባቸው የሚያፈሱት ነገር መሆኑን አስቀርቶ፣ ውኃና ዳቦን ግን ክፍት አድርጓል። በቤት ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፦ ልጁ እንዲቀምስ ይጠየቃል፣ እንዲጨርስ አይገደድም። ያልወደደውን ነገር ከሳምንት በኋላ በሌላ አሠራር መልሳችሁ አቅርቡ። በልጅ ፊት ስለ ራሳችሁ ወገብ አታውሩ።

የማይቀዳው

«ፈረንሳዮች ዳይት አያውቁም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ መጽሔቶቻቸው ለዋና ልብስ መድረስን በሽፋናቸው ይለፍፋሉ። ዓለምን ያዳረሰው የዱካን ዳይት ከዚያው አገር የወጣ ነው። በአራት ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን በመጀመሪያው ከፕሮቲን ሌላ የሚበላ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻው ደግሞ በሳምንት አንድ የፕሮቲን ቀን ለዕድሜ ልክ ይቀራል። የፈረንሳይ የምግብ ደኅንነት ተቋም በ2010 ይህንንና ሌሎችን ጨምሮ 15 የታወቁ የክብደት መቀነሻ ዘዴዎችን መርምሮ፣ ሚዛን የሌላቸውና ለጤና የሚያሰጉ መሆናቸውን፣ የቀነሰው ክብደትም በአብዛኛው ተመልሶ እንደሚመጣ አስታውቋል። የቤት አከራዬ ሴት ልጅም ይህን ዳይት ይዛ ነበር። በእናቷ ጠረጴዛ ላይ የዶሮ ሥጋና የአጃ ፉርሽካ ብቻዋን ስትበላ እናትየዋ የሚያዩዋት ያኔ እኔን ማቀዝቀዣው ፊት ባዩበት ዓይን ነበር።

የቅጥነት ጫናውም ከባድ ነው፣ በተለይ በሴቶች ላይ። አገሪቱ በ2017 ሞዴሎች የጤና ምስክር ወረቀት እንዲያቀርቡ፣ የሰውነት ቅርጽ የተለወጠበት የማስታወቂያ ፎቶም ያ እንዲጻፍበት ያስገደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም አገሪቱ ራሷ እየወፈረች ነው። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች በ1997 ከመቶ 8.5 ነበሩ፤ በ2020 ከመቶ 17 ደረሱ። ሳንድዊቹ፣ በሞተር ብስክሌት የሚደርሰው ምግብ፣ ቴሌቪዥን ፊት የሚበላው እራት እዚያም ገብተዋል። እኔ የገለጽሁላችሁ ሥርዓት በሴትዮዋ ትውልድ ቤት ውስጥ ጠንካራ ነው፣ በልጅ ልጆቻቸው ቤት ላላ ብሏል።

መለካትና ማስተካከል

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ተመዘኑ። በየቀኑ የሚመዘን ሰው ውኃና ጨው ሲለዋወጡ እያየ ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ ባይነቃነቅም ተዉት፤ እያቋቋማችሁ ያላችሁት ሰዓት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ደብተሩን አውጡና እንደገና ሦስት ቀን መዝግቡ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሌባ የቡና ስኳር፣ ወጥ ሲሠራ የሚቀመሰው ወይም ለልጆች የተገዛው ብስኩት ነው። እነርሱም ንጹሕ ከሆኑ በመጀመሪያ የእራቱን ዳቦ ወይም እንጀራ በግማሽ ቀንሱ፣ ቀጥሎ የዘይቱን መጠን እዩ፣ ምሳውን ግን አትንኩት። ምሳው ሲሳሳ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማቀዝቀዣው ፊት መቆም ይመጣል። ፎርማጆውንም መጨረሻ ላይ ቀንሱት፤ ሴትዮዋ ቢሰሙ ይህንንም አይፈቅዱም ነበር።